ገድለ ማኅተም

በብዙ የብራና መጻሕፍታችን ላይ አንድ ግዝት ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀም የፋቀም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። አባቶች ሌባን አስበዋል፣ ፋቂንም አስበዋል። ማኅተምና ቲተር በቦርሳ ይዞ የሚመጣውን የቅርስ መዝጋቢ ግን አላሰቡትም። ሰውየው በዚች ክፍተት ሾልኮ ከውግዘት ነጻ ወጥቷል። ገድሉን የሚጽፍለት ግን እስካሁን አላገኘምና፣ ጉድለቱን እንሙላለት።

ምዝገባው እንዲህ ነው። ቄሰ ገበዙ ወንጌሉን ከነማኅደሩ ከዕቃ ቤት ያወጡና በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እጅህን ታጥበሃል?» ይላሉ። «አይስጉ አባታችን፣ እኛ የመጣነው ለቅርሱ ደኅንነት ነው» ይላል መዝጋቢው፣ የማኅተሙን ፓድ እየከፈተ። ፓዱ ደርቋል። ማኅተሙን ወደ አፉ አስጠግቶ ሁለቴ እፍ ይልበታል። ቀጥሎ ገጽ መምረጥ ነው። ባዶ ገጽ ሞልቷል፤ ግን ባዶ ገጽ ላይ ቢታተም ለማን ይታያል? ሌባ የሚፈልገው ሥዕሉን ነውና ሥዕሉ ይታተማል። ቅዱስ ሉቃስ ብዕሩን ጨብጦ፣ የቀለም ቀንዱን ከጎኑ አድርጎ በተቀመጠበት፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ሐምራዊ ክብ ያርፋል። ከሥሩ ቲተር፣ በቲተሩ ላይ የእስክሪብቶ ፊርማ። ወንጌላዊው ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ቲተር ሲጽፍ መኖሩ አሁን ሲታሰብ ያሳፍራል።

ብራና ቆዳ ነው። የማኅተም ቀለም ይሰርግበትና በጀርባው ብቅ ይላል። ቀለሙ ሳይደርቅ መጽሐፉ ከተከደነ ደግሞ ክቡ ተገልብጦ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ይታተማል። አንዴ መትቶ ሦስት ገጽ መመዝገብ! እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል? የእስክሪብቶው ቅባትም ዓመት በቆየ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። የድሮው ጸሐፊ ከጥላሸት የበጠበጠው ቀለም ግን ከስንት መቶ ዓመት በኋላም ካረፈበት ንቅንቅ አላለም፤ ኋላ ቀርነት ነው።

መዝጋቢያችን ለብራና ብቻ አያዳላም። የነሐስ መስቀል ሲያገኝ እጀታው ላይ በፍሉድ ነጭ መደብ ይቀባና በማርከር ቁጥር ይጽፍበታል፤ ማርከሩ አልይዝ ካለው በምስማር ይጭረዋል። ካባውን በስቴፕለር ይመታዋል፤ ሽቦው ዝጎ ጨርቁን እስኪበላው ድረስ እሱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። በእንጨት ሰሌዳ የተሣለውን ሥዕል ስኮች ይለጥፍበታል፤ ስኮቹ ሲላቀቅ የመልአኩን ክንፍ ይዞ ይነሣል። ይህ ሁሉ ከንብረት ክፍል የተወረሰ ጥበብ ነው። የወንበር እግር ላይ ቁጥር ሲቀባ የኖረ እጅ ድርሳነ ሚካኤልንም በሞዴል 19 እንደገባ ወንበር ያስተናግደዋል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ ይላል። ይኸው ተመዘገበ። መዝገቡ ሲገለጥ «አንድ የብራና መጽሐፍ፣ ትልቅ፣ ሁኔታ፦ ደህና» ይላል። ቀጥሎ «አንድ የብራና መጽሐፍ፣ መካከለኛ፣ ሁኔታ፦ ደህና»። ፎቶ የለም፤ ቁመትና ወርድ የለም፤ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በስንት ዓምድ እንደተጻፈ፣ የትኛው ቅጠል ተቀዶ እንደተሰፋ የለም። የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው፣ ብራናውን ሳይዳስሱ፣ ከማይክሮፊልም ላይ ቅጠሉን ቆጠሩ፣ የጸሐፊውንና የባለቤቱን ስም ለቀሙ፣ በኅዳጉ የተጻፈውን ውል ሳይቀር አወጡ። የእኛው ሰው መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ «ትልቅ» አለ።

ዘራፊዎቹን እንኳ እንይ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተጋዙት መጻሕፍት ብዙዎቹ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። እዚያም ማኅተም አላጡም፤ በዚህ በኩል ወንድማማቾች ነን። ነገር ግን በ1877 እ.ኤ.አ. ዊልያም ራይት የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት ካታሎግ አሳተመ። እናም የተዘረፈው መጽሐፋችን የቅጠሉ ቁጥር ለንደን ላይ ይታወቃል፤ ያልተዘረፈው «ትልቅ» ነው።

ማኅተም ሌባን ይከላከላል ይሉናል። እውነት ነው፣ ሌባው ምላጭ ካልያዘ። ከያዘ የታተመውን ቅጠል ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ይሸጣል። ያኔ ፖሊስ «መጽሐፉ ምን ይመስላል?» ሲል «ማኅተም አለው» እንላለን። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል አንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ ዘንድ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ተመልሷል፤ እሱ መልኩ ከላሊበላ አልፎ የታወቀ መስቀል ነው። የገጠሩ መስቀል ሲጠፋ ግን ኢንተርፖልን የምናስቸግረው «አንድ መስቀል፣ ነሐስ» በሚል ምልክት ነው።

የሙዚየም ሰዎች ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ ይላሉ። ለብራና ለስላሳ እርሳስ፣ ከሽፋኑ ውስጥ ጥግ ላይ፣ ሳይጫኑ። ለልብስ ቁጥር የተጻፈበት የጥጥ ጥብጣብ፣ መርፌው በክሮቹ መካከል እያለፈ በጥቂት ስፌት ብቻ። ለመስቀል በጥጥ ክር የሚንጠለጠል ካርድ፤ ወይም ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ግልጽ ቅብ በስሱ ተቀብቶ ቁጥሩ በላዩ ይጻፋል፣ ሲፈለግ በአሴቶን ይለቃል። ፎቶውና ልኩ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ቅጂውም ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ሕጋቸው፣ ምልክቱ ነገ ቢነሣ ቅርሱ እንዳልተነካ ይሁን የሚል ነው። ይነሣል! በላጲስ የሚጠፋ ቁጥር ምኑ ቁጥር ነው? ኃላፊው በምን ይታወሳል? ሉሲን ተመልከቱ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ኖራ በሳይንስ መዝገብ የምትታወቀው ኤ.ኤል. 288-1 ተብላ ነው። ቁጥሩ አፋር ውስጥ የተገኘችበትን ስፍራ ይነግራል እንጂ የማንንም ማዕረግ አይነግርም። ክብ ማኅተም የሚሆን ስፍራ ታፋዋ ላይ መች ጠፋ?

ገድል ያለ ተአምር አይጠናቀቅምና አንድ ተአምር እንጨምር። መዝጋቢው አንዴ በረገጠው አገር ቁልፎች መጥፋት ጀምረዋል። ምርጡ ወንጌል ያለበት ሣጥን ቁልፍ እሱ በመጣ ቀን ፈጽሞ አይገኝም፤ ቄሰ ገበዙም ያለው ይኸው ነው ብለው አንድ የተቀደደ ዳዊት ያቀርቡለታል። ሪፖርቱ «በአጥቢያው ሌላ ቅርስ አልተገኘም» ይላል። ሪፖርቱ ላይ ማኅተም አለ፤ ደግሞም በትክክለኛው ቦታ ነው ያረፈው።