ግራ የገባው ጉዞ

የዘንድሮ ልጆች ዕረፍት የሚሉት ነገር ከሥራ የከፋ መሆኑን ጃማይካ ድረስ ሄጄ አረጋገጥኩ። የዋሽንግተንን ብርድ ሽሽት ነበር የወጣነው፦ ልጄ፣ ምራቴ፣ ባለቤቴና እኔ። ባሕሩ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ሆቴሉም በረንዳ አለው። እንዲህ ያለ ቦታ የደረሰ ጤነኛ ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ልጄ ግን ገና ከቤት ሳንወጣ ወስኖ ጨርሷል፤ መኪና ተከራይተን ደሴቲቱን በራሳችን ልናካልል!

«የአገሩን ሰው ከነመኪናው እንያዝ እንጂ» አልኩት።

«አባዬ፣ ሹፌር ካለ ነፃነት የለም።»

ይህን የሚናገረው ለማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። የዋሽንግተን ታክሲ ላይ ሜትር የገባው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ከዚያ በፊት፣ ሒሳብ በዞን በሚታሰብበት ዘመን ነው መሪ የጨበጥኩት። ስንቱን እንግዳ ከካፒቶል ሊንከን፣ ከሊንከን ጆርጅታውን አድርሻለሁ። የዚህ ልጅ ትምህርት፣ የዚህ ልጅ የጥርስ ሽቦ የተከፈለው በሹፌርነት ነው። የማንን ነፃነት ቀማሁ? ሹፌር ማለት አንተ በመስኮት ተራራውን ስታይ ጉድጓዱን የሚያይልህ ሰው ነው። ጉድጓዱን ራሴ ልይ ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ትውልድ መጣላችሁ።

ሞንቴጎ ቤይ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደን ኪራይ ቢሮው ጋ ቆምን። መንዳቱ ካልቀረ እኔ ልንዳ አልኩ። ልጅቷ ፓስፖርቴን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ቀና ብላ ፊቴን አየች፤ ከዚያም በታላቅ ትሕትና ዕድሜዬ ከድርጅቱ ጣሪያ ማለፉን አስረዳችኝ። ጢሙን በቅጡ ላላበቀለ ጎረምሳ ትንሽ ገንዘብ አስጨምረው ቁልፉን ይሰጡታል፤ ለእኔ ግን በገንዘብም የለም። ይሁን።

ልጄ ደግሞ የክሬዲት ካርዱ ኢንሹራንስ እንደሚሸፍነው እርግጠኛ ነበር። ደቃቋን ጽሑፍ አጉልቶ ሲያነብ ነው የደነገጠው። ለካ የኪራይ መኪና ዋስትና ከሚሰጡት የአሜሪካ ካርዶች ብዙዎቹ ጥቂት አገሮችን ለይተው ሲያስቀሩ ኖረዋል፤ ጃማይካ፣ እስራኤልና አየርላንድ። ሦስቱ ምን አንድ እንዳደረጋቸው የካርዱ ባለቤት ይወቀው። ስለዚህ የቢሮውን ኢንሹራንስ በቀን ሒሳብ ገዛን፤ በዚያ ላይ ማስያዣ ተብሎ ከካርዱ የታገደውን ገንዘብ ልጄ እስካሁን በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ከዚያ ልጄና ምራቴ ወጥተው መኪናዋን እንደ ሙሽራ ዙሪያዋን በቪዲዮ ቀረጿት። ከፓራውልቱ እስከ ስፖኪዮው እያንዳንዱ ጭረት ተመዘገበ። እኔና ባለቤቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጠን ፀሐይ መታን። ነፃነቱ በዚህ ተጀመረ።

ጃማይካ የሚነዳው በግራ ነው። እንግሊዝ በ1655 ይዟት በ1962 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የመንገዱን ነገር እንዳለ ትቶት ሄደ። በነገራችን ላይ እኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የሚነዳው፤ ከዚያ ነው ወደ ቀኝ የተዛወርነው። ልጄ ይህን ብነግረው ስልኩን ጠይቆ ነው ያመነኝ። አባቱን ሳይሆን ስልኩን!

መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በኖርኩበት በግራው ወንበር ተቀመጥኩ፤ መሪ የለም፣ ፍሬን የለም። እግሬ ግን ይህን የነገረው የለም፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል። ፍሬቻውና የዝናብ መጥረጊያውም ቦታ ተለዋውጠዋል። ልጄ ሊታጠፍ ባሰበ ቁጥር በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን ይጠርጋል። የአገሩ ሹፌሮች ይህችን ምልክት በደንብ ያውቋታል መሰለኝ፤ መጥረጊያችን ሲወዛወዝ ባዩ ቁጥር ራቅ ይሉልናል። አደባባይ ስንደርስማ መኪናው ውስጥ አራታችንም ነን የምንነዳው። ምራቴ «በግራ! በግራ!» ትላለች፤ ባለቤቴ ስለት ትሳላለች፤ እኔ ወለሉን እረግጣለሁ።

የሰሜኑ የባሕር ዳር መንገድ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው፤ እስከ ኦቾ ሪዮስ ሰተት አድርጎ ይወስዳል። ችግሩ ስልኩ ነው። የቦብ ማርሌን ትውልድ መንደር ናይን ማይልን እንይ ተባለ። ሰውዬው በ1945 የተወለደውም፣ በ1981 እ.ኤ.አ. የተቀበረውም ሴንት አን ከተባለው አውራጃ ኮረብታ ላይ ነው። ስልኩ አጭሩን መንገድ መረጠ፤ አጭር ነው አለ እንጂ መንገድ ነው አላለም። አስፋልቱ መጀመሪያ ጠበበ፣ ቀጥሎ ተበሳሳ፣ መጨረሻ ላይ ፍየሎች ተረከቡት። የጃማይካ ፍየል ክላክስ አይሰማም። ሰዉ ግን ክላክሱን ለሁሉም ነገር ነው የሚጠቀምበት፤ ከኩርባ በፊት «መጣሁ»፣ ሲያሳልፉት «ተባረክ»፣ ጓደኛውን መንገድ ዳር ሲያይ «እንዴት ነህ»። ልጄ ሁሉንም ስድብ መስሎት ጆሮው ቀላ። የዋሽንግተን ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ።

እዚያው ዳገት ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ቀይ ታርጋ የለጠፈ፣ እስከ ጣሪያው ሰው የሞላ ታክሲ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። እዚያ አገር ቀይ ታርጋ ያለው ሕጋዊ ታክሲ ነው። «ይህን ሰው ጠይቀው» አልኩ። «አባዬ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ አሁን ይመለሳል» አለኝ፣ ኔትወርኩን ማለቱ ነው። መንገዱን በየቀኑ የሚመላለስበት ሰው በክንድ ርቀት እያለፈ እኛ ከሰማይ ሳተላይት እንጠብቃለን! መስታወቴን አውርጄ ራሴ ጠየቅሁ። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ተሳፋሪዎቹም አንድ ላይ እየተናገሩ፣ መታጠፊያውን አሳዩን።

ናይን ማይልን አይተን ስንመለስ ልጄን ምን አየህ ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ። የአስፋልቱን የግራ ጠርዝ ነው ያየው፤ ሌላ ምንም። ፈርን ገሊ የሚባል፣ የድሮ የወንዝ መውረጃ ላይ የተሠራ፣ ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈው ቀኑን የሚያጨልሙበት መንገድ አለ፤ እንግዳ ሁሉ አንገቱን አውጥቶ የሚያየው ነው። ልጄ እዚያ ስናልፍ ከኋላው በተለጠፈበት የጭነት መኪና ተይዞ ነበር። ቤት ሲመለስ በፎቶ ያየዋል።

አሁን ስለ ኮኮናት ሻጩ ልንገራችሁ፤ ከጉዞው ሁሉ ያልደከመኝ እሱ ጋ የቆምንበት ብቻ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባች የእንጨት ዳስ ናት። ባለቤቱ ሹሩባው ወገቡ የደረሰ፣ በዕድሜ እኔን የሚያህል ራስታ ነው። ከየት ናችሁ አለ። ምራቴ ኢትዮጵያ ብላ ስትመልስ ቆንጨራውን አስቀመጠ። እጁን ልብሱ ላይ ጠርጎ መጣና የእኔን በሁለት እጁ ያዘ። ንጉሡን አይተሃቸዋል? አለኝ።

አይቻለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ልጅ ሆኜ መንገድ ዳር ተሰልፈን ባንዲራ ስናውለበልብ በመኪና አልፈዋል። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱም አይቷቸዋል፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲወርዱ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ። እያወራኝ ሳለ ከኋላዬ ባለቤቴ ሳል ጀመራት። ሳሏን አውቀዋለሁ። እኔ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በስማቸው በተሰየመው ዩኒቨርሲቲ፣ እሳቸው ለትምህርት በለቀቁት በገነተ ልዑል ግቢ ቆሜ፣ ዳቦአቸውን በልቼ፣ «መሬት ላራሹ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮኽኩባቸው ሰው መሆኔን የምታውቅ እሷ ናት። ልጄም ያውቃል፤ «አባዬ እኮ ተማሪ እያለ...» ብሎ ሲጀምር ቢያንስ እዚህ ላይ እግሬ የሚረግጠው ነገር አገኘ።

ሰውየው ስለ ሻሸመኔ ጠየቀኝ። ንጉሡ ከአፍሪካ ውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች የሰጡትን 5 ጋሻ መሬት ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ስለ መሬት ጉዳይ አስተያየት የለኝም እንዳልል አለኝ፤ እንዳለኝ እንዳልናገር ደግሞ ኮኮናቱ እየተቆረጠ ነው። ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሒሳብ ስንጠይቅ በጭራሽ አለ፤ ከኢትዮጵያ ሽማግሌ ገንዘብ አይቀበልም። ባወረድናቸው ንጉሥ ስም ኮኮናት በነፃ ጠጣሁ። ባለቤቴ እስከ ኪንግስተን ድረስ ሳቀችብኝ።

ወደ ኪንግስተን የሚወስደው የክፍያ መንገድ ቻይና የሠራው ነው፤ እስከ መጨረሻው የተከፈተው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛን የአዲስ አዳማ መንገድ የሠራው የቻይና ድርጅት የዚህኛውም ድርጅት እናት ነው። ስለዚህ መንገዱ ላይ ስንወጣ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ትኬት መቁረጫው ላይ ስንደርስ ደግሞ እርግጠኛ ሆንኩ።

ከኪንግስተን ወደ ብሉ ማውንቴን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ኒውካስል ላይ በወታደሮች መሰለፊያ ሜዳ መካከል ያልፋል፤ እንግሊዞች ወታደሮቻቸው ቆላ ላይ በቢጫ ወባ ሲያልቁባቸው በ1841 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት ሰፈር ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ጎማችን ፈነዳ። ልጄ ስልኩን አነሳ፤ ኔትወርክ የለም። ኮፈኑን ከፈተ። ጎማ ሲፈነዳ ኮፈን መክፈት የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማሩት አላውቅም። ወረድኩ፤ ክሪኩን አወጣሁ፤ ስኮርታውን ገጠምኩ። ለመንዳት አርጅተሃል ያለኝ ድርጅት መኪናውን በእኔ ጉልበት ነው ከተራራው ያወረደው። ጎማ መቀየሪያ ላይ የዕድሜ ጣሪያ የላቸውም።

ለድካሜ ቡና ተጋበዝኩ። ቡና ጃማይካ የገባው በ1728 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሰር ኒኮላስ ሎውስ የሚባል የቀድሞ ገዥ አምጥቶ አስተከለው፤ ዛሬ ብሉ ማውንቴን ቡና ከዓለም ውዶች አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ለረጅም ዘመን ሲገዛ የኖረው ጃፓን ነው። የከፋ ቡና ልጅ ልጅ ለከፋ ዘመድ እንዲህ ይሸጣል። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ አልክድም። ባለቤቴ ግን ሁለተኛና በረካ ስትጠብቅ ገና ከአቦሉ ሒሳቡ መጣ።

መኪናዋን የመለስነው ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ንጉሡ ያረፉበት ይኸው ነው፤ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ሲከብበው አልወርድም ብለው ቆይተው ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስታ ሽማግሌ ሕዝቡን አስለቅቆ ነው ያስወረዳቸው። እኔም ርክክቡ እስኪያልቅ አልወርድም አልኩ። ሠራተኛው ጭረት አገኘ። ልጄ ቪዲዮውን አወጣ፤ ጭረቱ ቪዲዮው ላይ አለ፣ የለም፣ ጥላ ነው፣ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ሄደ። እኔን ያስወረደኝ ፕላኖ የለም፤ ሽንቴ ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ እንሂድ አልን፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ወደዚያ አገር የተላኩት፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ያቀኗት፣ የቦብ ማርሌን ፍትሐትም ያደረሰችለት ቤተ ክርስቲያን ናት። መኪና ስለሌለን በግድ ቀይ ታርጋ ያዝን። ሹፌሩ ከመነሻው ጀምሮ አፉን አልዘጋም፤ ይህ ገበያ ነው፣ ይህ እስር ቤት ነበር፣ ይህ ሰፈር ስንት ዘፋኝ አፈራ፣ ያ ፎቅ ለምን ሳያልቅ ቀረ። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ወዲያው ግን ስልኩን አወጣና ጆሮዬ ላይ ተደፋ፤

«አባዬ፣ ሰውየው እያዞረን ነው። ይህን ሕንፃ ሁለቴ አለፍነው!»

እኔ አላወቅኩ መስሎት! ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሲተው ነው ያወቅሁት፤ ወሬውን ያጦፈውም ያኔ ነው፣ እንዳናይበት። ቅልጥፍናው፣ የእጁ አጣጣል፣ ደግሞ አንድም ጉድጓድ ውስጥ አልገባም።

«ዝም በልና ተማር» አልኩት። ስንወርድም ሒሳቡ ላይ ጉርሻ ጨመርኩለት፤ ከልጄ ኪስ።