የጓሮ ቲማቲም በኢታንግ፦ የትርፍ ምርትና የጉርብትና ቀውስ የዳሰሳ ጥናት

ስለ ቲማቲም የተጻፉ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን አንድ ክፍተት ይታይባቸዋል፤ ቲማቲም እንዴት እንደሚበቅል ይነግሩናል እንጂ ከበቀለ በኋላ ማን እንደሚጨርሰው አይነግሩንም። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ መልካሾላና መልካሳልሳ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቶ የድርሻውን ተወጥቷል። ተመራማሪው ችግኙን ለአልሚው አስረክቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቷል። ይህ ጥናት የሚጀምረው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የጥናቱ ቦታ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በባሮ ዳር የሚገኘው ኢታንግ ልዩ ወረዳ ነው። ቦታው ከታላላቅ ሰነዶች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት የድንበር ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅዳል። መሬቱ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ይከለክላል። ስለ ቲማቲም አንድም ቃል አይናገርም። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ጋምቤላ ላይ ነው፤ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦችም ባሮ በሚሞላበት በክረምት ደርሰው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ቲማቲም በበጋ ይደርሳል፣ መርከብ በክረምት ይመጣል። በዚያ ዘመን በየጓሮው ቲማቲም ቢኖር እንኳ ሁለቱ አይገናኙም ነበር። ዛሬ መርከቡ ቀርቷል፤ አለመገናኘቱ ግን እንዳለ ነው።

ተክሉ ራሱ እንግዳ ነው። የዱር ዘመዶቹ ያሉት በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በአንዲስ ተራሮች ግድም ሲሆን፣ የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ከድንች ወገን መድቦታል፤ ትምባሆ፣ በርበሬና አስተናግርም ዘመዶቹ ናቸው። መርዛማ ዘመዶች እንዳሉት የሰሙ አውሮፓውያን መርዝ ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ፈርተውት ነበር። ኢታንግ ውስጥ እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ማንም አይፈራውም።

ከጥር አጋማሽ በኋላ ያለውን ለመረዳት የወረዳውን ዋና የግብርና ባለሙያ ማወቅ ያስፈልጋል። እሱም ባሮ ነው። ባሮ በክረምት ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ሲጎድል ደለሉን ትቶ ይሄዳል፤ የአኙዋና የኑዌር ገበሬም በተረፈው እርጥበት ላይ በቆሎውን ይዘራል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ስብሰባ አይጠራም፣ አበል አይቀበልም። አንድ እንከን ግን አለበት፦ ለሁሉም እኩል ነው። ውሃው ለእገሌ በዚህ ሳምንት፣ ለእገሊት በሚቀጥለው ወር እያለ በተራ አይጎድልም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ዘሩን በአንድ ሰሞን፣ ጥቅምት ላይ፣ ይደፋል። ችግኙ መደብ ላይ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ይዛወራል። ከተዛወረ ከ70 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ሒሳቡን ለመሥራት የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ይበቃል፤ ሆኖም እስካሁን በወረዳው ሒሳቡን ሠርቶ ዘሩን ያዘገየ ሰው አልተገኘም፤ ጎረቤቱ ቀድሞት ሲበላ ቁጭ ብሎ የሚያይ ማን ነው?

ባሮ የጀመረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። የቲማቲም አበባ የሌሊት ሙቀት አይወድም። ሌሊቱ ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለው መጠን ሲያልፍ ብናኙ ይመክናል፣ አበባው ይረግፋል። በኢታንግ ደግሞ የካቲትን ተሻግሮ ቀዝቃዛ ሌሊት መፈለግ ከባሮ ውስጥ በረዶ እንደ መፈለግ ነው። ተክሉ ጊዜ እንደሌለው ያወቀ ይመስል ያለውን ሁሉ በሁለት በሦስት ሳምንት አራግፎ ይሰናበታል። የመሰናበቻው ቲማቲም ቀለሙም ይለያል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በቅጡ ስለማይፈጠር፣ ፍሬው ብርቱካንማ እንደሆነ ይበስላል። ይህን ያልተረዳ አልሚ እስኪቀላ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ይፈርስበታል። ቂጡ ጠቁሮ ሲያገኘው ደግሞ ዓይን በልቶት ነው ይላል፤ ነገሩ ግን ውሃ የሚጠጣው ባለቤቱ ባስታወሰ ቀን ብቻ ስለሆነ ካልሲየሙ ከፍሬው ጫፍ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ዓይን የሚባለው፣ ከተገኘ፣ በኋላ የምንመለስበት የጎረቤት ዓይን ነው፤ እሱም ቲማቲሙን በመመኘት የሚታማ አይደለም።

የምርቱ አቀባበል ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ፍሬ ሲቀላ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ይመለከተዋል፤ ልጆች በፍየልና በዶሮ ላይ ጥበቃ ይመደባሉ፤ ፍሬው ተቆርጦ ለሁሉም ይዳረሳል፤ የገበያ ቲማቲም እንዲህ ዓይነት ጣዕም እንደሌለው በሙሉ ድምፅ ይወሰናል። በሳምንቱ ቲማቲም የሌለበት ወጥ ይጠፋል። አሳው በቲማቲም ይሠራል፣ ባሚያው በቲማቲም ይሠራል፣ ገንፎው ሳይቀር በስልስ ይቀርባል። በቀጣዩ ሳምንት ልጆቹ ጥበቃውን ያለ ፈቃድ ይለቃሉ። ፍየሏ ገብታ ስትወጣ የሚያባርራት አይገኝም፤ እንዲያውም አጥሩ ላይ ያለው እሾህ በማን እጅ እንደተነሣ ለማጣራት የተደረገው ሙከራ በቤተ ሰቡ ዝምታ ምክንያት ውጤት አላስገኘም።

ቀጥሎ የሚመጣው የስጦታ ዘመን ነው፤ ጥናቱም ብዙ ጊዜ የወሰደው እዚህ ላይ ነው። እናት ሳፋውን በቲማቲም ሞልታ፣ በራሷ ተሸክማ፣ በኑዌርኛ ሰላምታ ጎረቤት ትዘልቃለች።

«ማሌ! ትንሽ ቲማቲም ይዤላችሁ መጣሁ።»

«ማሌ! ምነው ተቸገርሽ? እኛም አሁን ልንልክላችሁ ስንል።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ችግሩ የሚከተለው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ደንብ ነው፤ የጎረቤት ዕቃ በባዶ አይመለስም። ሳፋው በማግስቱ ይመለሳል። በምን ተሞልቶ ይመለስ? በዚያ ሰሞን በየቤቱ የሞላው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሳፋው እንደሄደ ይመለሳል፤ በቅን ልቦና ጥቂት ተጨምሮበት። ያልተማረው ኢኮኖሚስት ይህ ልውውጥ ዜሮ ነው ይል ይሆናል። ዜሮ አይደለም። ሁለቱም ቤት ተመስጋኝ ሆኗል፣ ሁለቱም ቤት ባለ ዕዳ ሆኗል፣ ቲማቲሙ ደግሞ አንድ ቀን ተጨማሪ በስሏል። ደረቅ ሰንብቶ ድንገት ውሃ ሲጠግብ ትከሻው የሚሰነጠቅ ቲማቲም አለ፤ አንዲት እናት እንዲህ ዓይነቱን ስንጥቅ በሦስተኛው ቤት በኩል ዞሮ ከመጣላቸው ሳፋ ውስጥ ለይተው አውቀውታል። ምንም አልተናገሩም። ለአራተኛው ቤት ላኩት።

በዚህ ወቅት የሰላምታ ሥርዓት ሳይቀር ይለወጣል። ከሩቅ ራሷ ላይ ሳፋ የያዘች ሴት ስትታይ መንገደኛው ባጃጅ ይጠራል።

ገበያው ያለውን ሁኔታ በአጭሩ ለመናገር፣ በጉሊት የቲማቲም ዋጋ አይወርድም፤ የሚለወጠው መደቡ ነው። ያው ገንዘብ በጥር መጀመሪያ የሚገዛው መደብ አምስት ፍሬ ከነበረ በየካቲት ኮረብታ ይሆናል። ኮረብታው ላይ ምርቃት ይጨመራል፤ ምርቃቱም እያደገ ሄዶ ከተገዛው የሚበልጥበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን ደንበኛው ምርቃቱን ብቻ ወስዶ ለመሄድ የሞራል ጥያቄ ያነሣል። በሌላው የአገሪቱ ክፍል የበጋን ትርፍ ቲማቲም ከጥፋት የሚያድነው ዐቢይ ጾም ነው። በጋምቤላ ክልል ግን አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት በመሆኑ የጾሙ ፍላጎት ከጥቂት የደገኛ ቤቶች አያልፍም። እነሱም ጓሮ አላቸው።

በ2006 ዓ.ም. በወረዳው የተከፈቱት የኩሌና የቴርኪዲ የስደተኛ ጣቢያዎች ትክክለኛው ገበያ ይመስላሉ። ራሽኑ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው፤ ትኩስ አትክልት የለበትም። እዚህ ላይ ግን የጓሮ አትክልት ሥልጠና የሚባለው ክስተት ጣልቃ ይገባል። ሥልጠናው በስደተኛውም በነባሩም ዘንድ፣ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ዓይነት ዘር ይሰጣል። ሠልጣኙ መደብ አወጣጥን፣ ችግኝ ማዛወርን፣ ድጋፍ እንጨት ማቆምን፣ ኮምፖስት ማዘጋጀትን ይማራል፤ ሻይና ዳቦ ይቀርባል፤ ቲሸርት ይታደላል። ስለ ምርቱ አያያዝ የሚናገረው ክፍል ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለሚውል አበል ሲከፈል ያልቃል። ይህን የምለው ሥልጠናውን ለማጣጣል አይደለም፤ ዓላማውን ሙሉ በሙሉ አሳክቷል። አሁን ሁሉም ሰው ቲማቲም አለው።

ዓለም ከዚህ ዓይነት ጉዳይ ጋር እንዴት እንደታገለ መመልከት ተገቢ ነው። አሜሪካኖች ወደ ፍርድ ቤት ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1893 ኒክስ የተባለው አስመጪ ሄደን በተባለው የጉምሩክ ሹም ላይ ባቀረበው ክስ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቲማቲም በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ ቢሆንም ሰው ከምሳና ከራት ጋር እንጂ ከምግብ በኋላ እንደ ጣፋጭ ስለማይበላው አትክልት ነው፣ ቀረጥም ይከፈልበት ሲል ወስኗል። በኢታንግ ጉዳዩ በሥር ፍርድ ቤት ደረጃ ነው ያለው፤ ልጁ ከግንዱ ቀጥፎ ሲገምጥ ፍሬ ይለዋል፣ እናቱ ለስልስ ስትከትፈው አትክልት ትለዋለች፣ ፍየሏ ክርክሩን ከሥሩ በልታዋለች። ስፔኖች ደግሞ በቡኞል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በኦገስት ወር የመጨረሻው ረቡዕ ቲማቲም ይወራወራሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ለመወርወር ትኬት ይቆረጣል። ይህ መፍትሔ ለኢታንግ አይመከርም። ጎረቤት ላይ ቲማቲም የወረወረ ሰው ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት ምግብ ያቀርባል፤ የሚቀርበው ምን እንደሆነ አንባቢ ይገምታል።

እርግጥ ጥናቱ ትርፉ የሚድንበትን መንገድ አላጣም። ቲማቲም 94 በመቶው ውሃ ነው። በባሮ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ውሃ በሳፋ ተሸክሞ ቤት ለቤት መዞሩን ያስተዋለ ተመራማሪ አለመኖሩ ይገርማል። ውሃውን ለፀሐይ ቢሰጧት ሃያ ኪሎው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ቲማቲሙን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ጨው ነስንሶ፣ ዝንብ እንዳይገባው በመረብ ሸፍኖ፣ ጣሪያ ላይ ማስጣት ነው፤ አበባውን ያረገፈችው ፀሐይ ዕዳዋን በጥቂት ቀናት ትከፍላለች። ያልበሰለውን ከነአረንጓዴው ለቅሞ ጥላ ውስጥ ማቆየትም ጥቂት ሳምንት ያተርፋል፤ ብቻ አጠገቡ የበሰለ ሙዝ ወይም ማንጎ እንዳይኖር፤ ከእነሱ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያለ ጊዜው ያበስለዋል። ድልህ ለማድረግ የፈለገም ልጦ፣ ዘሩን አውጥቶ፣ እስኪወፍር አፍልቶ፣ አሲዱ አስተማማኝ እንዲሆን ሎሚ ጨምሮበት፣ በተቀቀለ ጠርሙስ መክደን ይችላል። መርቲ ላይ የሚታሸገው የጣሳ ድልህም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መርቲ ፋብሪካ አለው፣ እዚህ ያለው የከሰል ምድጃና ትዕግሥቱ ያለቀበት ቤተ ሰብ ነው።

ይህ ሁሉ በቃለ መጠይቅ ወቅት ለአልሚዎቹ ተብራርቷል። በጥሞና አዳምጠዋል። ከዚያም ለአጥኚው አንድ ሳፋ ቲማቲም ሰጥተውታል።

የጥናቱ ውስንነት ናሙናው መበላቱ ነው። በሐምሌ ለማረጋገጫ ሲሞከር በወረዳው አንድም የጓሮ ቲማቲም አልተገኘም፤ ባሮ መደቦቹን ተረክቧል። ከደጋ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ግማሹ በመንገድ ፈርሶ የመጣው ቲማቲም በፍሬ ይቆጠራል፤ ሱቁ ውስጥ ጣሳ ድልህ ይሸጣል፤ ገዢዎቹም በየካቲት ከሳፋ ሲሸሹ የታዩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ዘሩን በሦስት በሦስት ሳምንት ልዩነት መዝራት፣ ቢያንስ ከሰባት ቤት አንዱ ቲማቲሙን ትቶ ሽንኩርት እንዲተክል ማግባባት፣ ጥናቱ የሚያቀርባቸው ምክሮች ናቸው። ሽንኩርት የሚተክለው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ለስብሰባ ቀርቦ፣ ሁሉም ሐሳቡን ደግፎ፣ ሁሉም ጎረቤቱን ጠቁሞ ተበትኗል።

እስከዚያው አጥኚው አንባቢን አንድ ነገር ይለምናል። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት በሥራም ይሁን በዘመድ ጥየቃ ወደ ኢታንግ የምትመጡ ሁሉ፣ ዘንቢል ይዛችሁ ኑ። ዘንቢሉ የራሳችሁ ስለሆነ የሚመለስ ዕቃ የለም።