ፈረሱ እግሩን ሲያወርድ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመን እመት አህያ ጤፍ ተጭና ትመላለስ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት የዘውድ በዓል ዋዜማ የምኒልክ ሐውልት ሲገለጥ ቀና ብላ አየች። ፈረሱ ዳኘው ሁለት የፊት እግሮቹን ሽቅብ አንሥቷል። ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል፤ ስልቻው ጀርባዋን ልጦታል።

«ይሄ እኮ ዘመዳችን ነው። እግሩን ያወረደ ዕለት ጭነት ይቀራል፤ ገብስ በጎተራ ይሆናል» አለች።

ማን ነገራት? ማንም። ወሬው ዶሮ ማነቂያ ሲደርስ ግን «ራሱ ተናግሯል» ሆኖ ነበር። ጦጢት ወዲያው ተራ አስያዥ ሆነች፤ በየሳምንቱ እፍኝ ገብስ እየተቀበለች ቁጥር ታድል ጀመር። ቁጥር የያዘ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም፤ የ1997ን የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ጠይቁ።

ጣሊያን ገብቶ ሐውልቱን ነቀለው። አህዮቹ «ወረደ!» እያሉ አናፉ። ወርዶስ ነበር፤ የወረደው ግን ወደ ጉድጓድ ነው። ገበያውም ወደ መርካቶ ሄደ፤ መንገድ ረዘመባቸው። ጣሊያን ሲወጣ ዳኘው አፈሩ ተራግፎለት ቦታው ተመለሰ። እግሩ እንደተነሣ ነው።

እመት አህያ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

«ቃል ገብቶልሽ ነበር እንዴ?» አለቻት ውርንጭላዋ።

«የነሐስ ፈረስ ምን አፍ አለው?»

«ታዲያ በማን ተከፋሽ?»

አሮጊቷ ጆሮዋን ጣለች። «ለጦጢት የሰፈርኩት ገብስ ትዝ እያለኝ ነው» አለች። በማግስቱ ግን እፍኟን ይዛ ሄደች፤ አሥር ዓመት የጠበቁበትን ተራ ማን ይጥላል?

የልጅ ልጆቿ አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያራግፉ ኖሩ። በ2012 ኮሮና ገበያውን ጃንሜዳ አወጣው። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰች፤ የጦጢት መዝገብም ፍርስራሽ ውስጥ ቀረ። ጦጢት? እሷማ ቀድማ ሌላ ሰፈር ሌላ መዝገብ ከፍታለች።

የመጨረሻዋ አህያ የፈረሰ ቤት ቆርቆሮና የመስኮት ፍሬም ተጭና በጊዮርጊስ አለፈች። አደባባዩ በአዲስ መብራት ደምቋል። ውርንጭላዋ ቆም አለች።

«እማዬ፣ ትንሽ ዝቅ አላለም?»

እናት ቀና አላለችም። ቆርቆሮው እየተንኳኳ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ሳትዞር፣

«የትኛው እግሩ?» አለች።