ሠዓሊውን ምሰሶው ላይ እሰሩት

የባለ ሸራ ጀልባ መመሪያን ለትርጉም ማሽን የሰጠ ሰው ባሕር ሳይገባ ይሰጥማል። እንግሊዝኛው ሸራውን የሚያጠብቁበትንና የሚያላሉበትን ገመድ ከአንሶላ ጋር በአንድ ስም ይጠራዋል። ማሽኑ ከአልጋ በቀር የት ያውቃል! ነፋሱ ሲያይል «ቶሎ! አንሶላውን ልቀቁ!» ብሎ ያዛል፤ በዚያ ማዕበል ማን ተኝቶ እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ትንሿ ጀልባ ከወደብ የምትታሰርበት ገመድ ደግሞ የሠዓሊ ሞክሼ ነው። ስለዚህ ምስኪኑ ሠዓሊ፣ ክስ የለ ፍርድ የለ፣ ምሰሶ ላይ ይታሰራል።

ማሽኑ «ፍጥነታችን ሰባት ቋጠሮ ነው» ሲል ግን አትሳቁበት። የጥንት መርከበኞች ፍጥነትን የሚለኩት የተቋጠረ ገመድ ባሕር ላይ እየለቀቁ ነበር፤ አንዱ ቋጠሮ ዛሬ በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ሳያውቅም ቢሆን አገኛት፤ ይመረቅ!

ወደ ሽንት ቤቱ ስንመጣ ምርቃቱ ይነሳል። በድሮ መርከብ መጸዳጃው ከፊት፣ ከመርከቡ ራስ በኩል ስለነበር፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ራስ» ሆኖ ቀረ። እናም አዲሱ መርከበኛ የሥራ ዝርዝሩን ሲቀበል አንደኛው ተራ ላይ እንዲህ ያነባል፦ «የካፒቴኑን ጭንቅላት በየማለዳው በብሩሽ ፈትግ፤ ከተደፈነም ለመካኒኩ አሳውቅ።»