እንቁላል በኪስ

ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ በተማርኩባቸው ሁለት ዓመታት ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ያስነሳኝ የነበረው ትምህርቱ ሳይሆን ጂየንቢንግ የሚባል የመንገድ ዳር ቁርስ ነው። የዶርማችን በር ላይ ባለ ሦስት እግር ጋሪዋን የምታቆም ሴትዮ ነበረች፤ ‹‹አዪ›› እንላታለን፣ እትዬ እንደማለት። ክብ የብረት ምጣዷን ያየሁ ዕለት አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሊጡ የማሾ ነው፤ ያው ሸዋ ሮቢት የሚበቅለው ማሾ። እናቴ ሊጥ ስታዞር ከዳር ጀምራ ወደ መሀል ነው፤ አዪ ግን መሀል ላይ ዘርግፋ በእንጨት ወደ ዳር ትገፋዋለች። እንቁላል ታፈርጥበታለች፣ የሽንኩርት ቅጠል ትበትንበታለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ጣፋጭ ስጎና በርበሬ ትቀባዋለች። በዘይት የተጠበሰ ሊጥ መሀሉ አስተኝታ ትጠቀልልና እንካ! 6 ዩዋን።

የገረመኝ ሰልፉ ነው። ሽማግሌዎቹ እንቁላላቸውን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ! አንዱ ከኮቱ ኪስ፣ ሌላው ከፌስታሉ ያወጣል፤ አዪ ተቀብላ ታፈርጥና ሒሳብ ትቀንሳለች። ቲያንጂን ውስጥ የቆየ ልማድ ነው፣ ማንም ዞሮ አያይህም። በሁለተኛው ወር እኔም ባለ እንቁላል ሆንኩ።

ቲያንጂኖች በዚህ ቁርስ ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማዋ ምግብ ነጋዴዎች ማኅበር የአሠራር ደረጃ አውጥቶለታል፤ የቂጣው ስፋት ሳይቀር ከ38 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተወስኗል። ሰላጣ የሚጨምርበት ሰው ዶሮ ወጥ ውስጥ ካሮት እንደከተተ ሰው ነው የሚታየው።

ባለፈው ዓመት ኒውዮርክ፣ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ‹‹ነገ አገር ያበደበትን የቻይና ክሬፕ አበላሃለሁ›› ብላ ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። የኔው ጂየንቢንግ! ሲነጋ ከፍሪጇ አንድ እንቁላል ወስጄ ኮቴ ኪስ ከተትኩ።

ማንሃተን ያለው ምግብ ቤት ጋሪ የለውም። ከጣሪያው አምፖል ተንጠልጥሏል፣ ጥግ ጥጉን አበባ ቆሟል፣ ዋጋው 16 ዶላር ነው፤ ጉርሻ ሳይጨምር። አዪ ዘንድ በዚህ ገንዘብ 18 እበላ ነበር። በሹካና በቢላ ነው የሚቀርበው።

መንገድ ዳር የተወለደ ምግብ ማዕረግ ሲያገኝ አልቀናም። ሺያን ፌመስ ፉድስ የተባለው ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ከፍላሺንግ ገበያ ምድር ቤት ተነስቶ፣ ዳቦ ውስጥ የተከተፈ ሥጋ እየሸጠ በኒውዮርክ ስንት ቅርንጫፍ አፍርቷል። ይበል። እኔ የጠየቅሁት መብቴን ብቻ ነው።

እንቁላሌን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ልጁ እንቁላሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አለቃውን ጠራ። የአክስቴ ልጅ ‹‹አላውቀውም›› በሚል አኳኋን ስልኳ ላይ አቀረቀረች። አለቅየው በትሕትና፣ ጥሬ ምግብ ከውጭ ማስገባት በጤና ደንብ ክልክል መሆኑን አስረዳኝ።

‹‹ቅናሹስ?›› አልኩት።

‹‹የምን ቅናሽ?››

ከፍዬ በላሁ። እውነቱን ለመናገር ይጣፍጣል፤ ሰላጣውን ለቅሜ ካወጣሁ በኋላ።

እንቁላሉን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ወደ ቤቷ ወደ ኩዊንስ ስንመለስ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ በግፊያው መሀል ኪሴ ረጠበ። ኮቱን ላውንደሪ 12 ዶላር አጠበልኝ፤ ከጂየንቢንጉ በ4 ዶላር ይረክሳል።