ሹም ሽር በቅዳሜ ከሰዓት፦ የሰሜን ሸዋ ፋንታሲ አሰልጣኝ የ2017 ዓ.ም. የሥራ አፈጻጸም ግምገማ

በደብረ ብርሃን ከተማ መቶ ሚሊዮን ፓውንድ የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። ገንዘቡን ባንክ ቤት አያውቀውም፤ ግብር አልተጣለበትም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አይገዛም። ሆኖም ዓርብ ማታ ጠባሴ አካባቢ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ ጋቢውን ደርቦ የተቀመጠ ሰው እንደሚመሰክረው፣ በዞኑ ውስጥ የዚህን ያህል የሚመረመር፣ የሚከለስና እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚወራረድ በጀት የለም። ይህ ጥናት የሚያተኩረው በበጀቱ አስተዳዳሪዎች ላይ ነው። የምሁራን ዓይን እስካሁን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በመንዝ በግና በብርድ ልብስ ፋብሪካው ላይ ብቻ ተተክሎ መቅረቱ ያሳዝናል።

ፋንታሲ ምን እንደሆነ ለማያውቁ ታላላቆቻችን ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚያካሂደው ነጻ ጨዋታ ነው። አሰልጣኝ ነኝ ባዩ በ100 ሚሊዮን 15 ሰው ይገዛል፤ ሁለት በረኛ፣ አምስት ተከላካይ፣ አምስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መውሰድ አይፈቀድም። የገዛቸው ሰዎች በእውነተኛው ሜዳ ጎል ሲያገቡ፣ ለጎል ሲያቀብሉ፣ መረባቸውን ሳያስደፍሩ ሲወጡ ነጥቡ ለእሱ ይመዘገባል፤ ካፒቴን ያደረገው ሰው ነጥብ እጥፍ ይሆናል። በሳምንት አንድ ሰው ሽሮ አንድ ሰው መሾም በነጻ ነው፤ ያጠራቀመው ነጻ ዝውውር ሳይኖረው ከዚያ በላይ ከሻረ በእያንዳንዱ አራት ነጥብ ይቀጣል። እንዲህ እንዲህ ሲል 38 ሳምንት ይገፋል። የሹም ሽሩ ዴድላይን የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ሹመትና ሽረት ለሸዋ እንግዳ አይደለም፤ እንግሊዝም ለሸዋ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጠመንጃና መድፍ አስይዞ አንኮበር ደረሰ፤ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋርም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በሸዋ ምድር የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ካፒቴን እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ነጥቡ እጥፍ ሆኖ ስለመቆጠሩ ግን የተገኘ ማስረጃ የለም። ሃሪስ አገሩ ተመልሶ ስለ ሸዋ ያየውን የሰማውን በሦስት ቅጽ አሳተመ። ያኔ እንግሊዝ ሸዋን መዘገበ። ዛሬ ደግሞ አንኮበር አፋፍ ላይ ቆሞ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ የሚያነሣው ልጅ የብሬንትፎርድን ተከላካይ የጉልበት ጤንነት ይመዘግባል። ውለታው ተመልሷል።

ለጥናቱ በናሙናነት የተመረጠው አንድ የጓደኛሞች ሊግ ነው። በውስጡ መምህር፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ፀጉር አስተካካይ፣ የቢራ ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ እና ቁጥራቸው በየሴሚስተሩ ከፍ ዝቅ የሚል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኛሉ። መዋጮ ተሰብስቦ ገንዘብ ያዥ ተመርጧል። የአሸናፊው ሽልማት ሙክት ነው። በነሐሴ ሲታሰብ አንድ ሙሉ ሙክት ነበር፤ ግንቦት ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ የኋላ እግሩን ብቻ የሚችል ሆነ። በፋንታሲ ሕግ የአንድ ሰው ዋጋ የሚጨምረው ብዙዎች ሲገዙት ነው። በጉ ማንም ሳይገዛው ለምን እንደጨመረ ከኢኮኖሚክስ ክፍል የመጡት አባላት ማብራሪያ ቢጠየቁም እስካሁን አልመለሱም።

ዘመኑ የተከፈተው ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ዓርብ ከምሽቱ 2:30 ላይ በተዘጋው ዴድላይን ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ጥያቄ የማንችስተር ሲቲው ኤርሊንግ ሃላንድ ነበር፤ ዋጋው 15 ሚሊዮን። የሊቨርፑሉ መሐመድ ሳላ 12.5። ሁለቱን በአንድ ቤት ለማኖር 27.5 ሚሊዮን ይፈሳል፤ የቀሩት 13 ሰዎች በተረፈው ይተዳደራሉ። አብዛኛው የናሙናው አባል ሃላንድን መረጠ፤ ጾሙ እንደተፈታም ትክክል መስሎ ታየ። ነሐሴ 18 ኢፕስዊች ላይ ሦስት አገባ፤ በሳምንቱ ዌስትሃም ላይ ሌላ ሦስት። በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች 10 ጎል። ሳላን የመረጡት ጥቂቶች በእነዚያ ሳምንታት ዲኤስቲቪ ቤት ከኋላ ወንበር ይቀመጡ ነበር።

ከዚያ መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት፣ የቼልሲው ኮል ፓልመር ብራይተን ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ አራት ጎል አገባ። በሊጉ ታሪክ በአንድ የመጀመሪያ አጋማሽ አራት ያገባ ከእሱ በፊት አልነበረም። ፓልመርን የያዙት የናሙናው አባላት በሙሉ ይህ እንደሚሆን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር ለአጥኚው ተናግረዋል። ካፒቴን ያደረገው ግን አንድም አልነበረም። ቃለ መጠይቁ በዚህ ነጥብ ላይ ተቋርጧል።

የአየር ንብረት በአስተዳደር ላይ ስላለው ተጽዕኖ ኅዳር 28 ጥሩ ማሳያ ነው። ዳራ የተባለው አውሎ ነፋስ መርሲሳይድን ስለመታ የኤቨርተንና የሊቨርፑል ጨዋታ በዕለቱ ጠዋት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሳላን ካፒቴን ያደረገ ሁሉ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ሌላ ካፒቴን መፈለግ ነበረበት። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ነበር፤ ውርጩም ለቋል። አንዲት እናት ልጃቸው ከቁርስ ጀምሮ የሊቨርፑልን ንፋስ በስልኩ ሲለካ ቆይቶ ፊቱ ሲጠቁር ቢያዩት፣ «እዚያ የታጨደ ገብስ አለህ እንዴ ልጄ?» አሉት። እንደዚህ ጥናት ግንዛቤ ከሆነ በወቅቱ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ሳይንሳዊው ይህ ነበር።

እንግሊዞች የገናቸውን ማግስት በእግር ኳስ ያሳልፋሉ። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 17 ዋለ፤ ሐሙስ፣ የሥራ ቀን፣ ሰዎች ደግሞ በነቢያት ጾም ላይ። ዴድላይኑ ቀን 8 ሰዓት ላይ ስለነበር ከምሳ የተመለሰ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ደብዳቤ በፊት የተጠባባቂዎቹን፣ ማለትም የቤንቹን፣ ቅደም ተከተል አስተካክሏል። ቀን 9:30 ላይ ማንችስተር ሲቲ ከኤቨርተን ተጋጠመ። ሃላንድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ የኤቨርተኑ በረኛ ፒክፎርድ አዳነበት። ለሳተ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል፤ ካፒቴን ከሆነ አራት። በዚያ ሰዓት በአንድ ቢሮ ባለጉዳይ «ነገ ይምጡ» መባሉ ከዚህ ጋር ግንኙነት እንዳለው አጥኚው ይጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም።

ጥር 10 ከተራ ነው። የሳምንቱ ዴድላይን እንደገና ቀን 8 ሰዓት ላይ ወደቀ፤ ታቦታቱ ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወርዱበት ሰዓት ግድም። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው ሰው ከዋዜማው ጀምሮ የኒውካስሉን አሌክሳንደር ኢሳክን ካፒቴን አድርጎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ኢሳክ በተከታታይ ስምንት የሊግ ጨዋታ ጎል ያገባ ሰው ነበርና ምርጫው የሚነቀፍ አልነበረም። ጨዋታው ሲያልቅ በርንማውዝ በኒውካስል ሜዳ 4 ለ 1 አሸንፏል፤ ክላይቨርት ሦስት አግብቷል፤ ኢሳክ ምንም። ክላይቨርትን በናሙናው ውስጥ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ቤንች ላይ አስቀምጦታል።

የቤንቹ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ለዙፋኑ የሚቀርቡ ወንድ ዘመዶች ጎንቾ በተባለው ግዞት ይቀመጡ ነበር፤ አጥፍተው ሳይሆን ሊነግሡ ስለሚችሉ ነው። ሃሪስ ንጉሡን አግባብቶ እንዳስፈታቸው በመጽሐፉ ይናገራል። ፋንታሲም ከ11ዱ ቋሚዎች ውጭ አራት ሰው የሚታጎርበት ጎንቾ አለው። ጥናቱ ባስተዋለው መሠረት ጎንቾ የገባ ተከላካይ ወዲያው በጭንቅላት ጎል ያገባል፤ ሲፈታ ደግሞ ቢጫ ካርድ ያያል። በ2017ቱ ዘመን በዓመት አንድ ጊዜ ቤንች ቡስት የሚባል ምሕረት ይታወጅ ነበር፤ በዚያ ሳምንት የአራቱም እስረኞች ነጥብ ይደመራል። የባጃጅ ሾፌሩ ይህን ምሕረት ለወራት ሲያሰላ ቆይቶ በሚያዝያ አወጀው። አራቱ ተደምረው ሦስት ነጥብ አመጡ። ሃሪስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር።

ስለ ኖቲንግሃም ፎረስቱ ክሪስ ውድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዋጋው 6 ሚሊዮን፣ ዕድሜው 33 የሞላ፤ 20 ጎል አገባ፤ ሦስቱን ጥር 24 ፎረስት ብራይተንን 7 ለ 0 በረመረመበት ቀን። መምህሩ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይዞት «ሽማግሌ ይከበር» ይል ነበር። በኅዳር ሸጠው።

ፓልመር የመጨረሻ የሊግ ጎሉን ጥር 6 አስቆጥሮ መጾም ጀመረ። የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ሲገባ እሱ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሚያዝያ 12 ፋሲካ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ገደፈ፤ ፓልመር አልገደፈም። ዳግም ትንሣኤም አለፈ። የፈሰከው ሚያዝያ 26 ሊቨርፑል ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልሸጠው የናሙናው አባል ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነበር፤ ለምን ሲባል «ባለፈው ዓመት ውለታ ውሎልኛል» አለ። በዘመናዊ የሰው ኃይል አስተዳደር ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ ያለ ምክንያት አይገኝም። በድሮ ግቢ ግን ሹመት የሚጸናው በዚህ ነበር።

ወደ ሳላ እንምጣ። 29 ጎል፣ ለጎል የተመቻቹ 18 ኳሶች፣ 344 የፋንታሲ ነጥብ። በጨዋታው ታሪክ ከዚህ በላይ ያመጣ የለም፤ የቀድሞውን ክብረ ወሰን፣ 303ን፣ የያዘውም ራሱ ነበር። ሊቨርፑል ሚያዝያ 19 ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያረጋግጥም አግብቷል። እንግዲህ በዓመት መጨረሻ ግምገማ ይህ ሰው ምን ተባለ? አጥኚው በሥፍራው ተገኝቶ አዳምጧል። ስሙ በምስጋና አልተነሣም። «እኔ ሳላን ከስድስተኛው ሳምንት ነው የያዝኩት»፣ «እኔ ሦስት እጥፍ ካፒቴን ያደረግሁት በደርቢው ሳምንት ነው»፣ «እኔ ሃላንድን ሸጬ…» ተባለ። ሃላንድ ግን ስሙ ተጠርቶ ተወቀሰ፤ ኢሳክ ተወቀሰ፤ ታኅሣሥ 12 ቋንጃው ተጎድቶ እስከ መጋቢት 23 ከሜዳ የራቀው የአርሰናሉ ቡካዮ ሳካ በሥነ ምግባር ጉድለት ተከሰሰ። ነጥብ የአሰልጣኙ ሥራ ነው፤ የነጥብ እጦት የተጫዋቹ ጥፋት ነው። ይህንን ሥርዓት ከመሥሪያ ቤት ግምገማ የሚለየው ነገር ቢኖር እዚህ አበል አለመኖሩ ብቻ ነው። ግለ ሂስ ያቀረበ አባል አልተገኘም፤ ገንዘብ ያዡ ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ።

ነጥቡ የአሰልጣኙ ሥራ አይደለም ማለት የአጥኚው ጥላቻ እንዳይመስል ማነጻጸሪያ ቡድን አለ። በ2016 የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ዋይፋይ ያልነበራቸው የናሙናው አባላት በሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋ እየደወሉ ቡድናቸውን አስተዳደሩ።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው፤ ኑኔዝን ያውጡልኝ።»

«ከየት ነው የማወጣው?»

«ከቡድኑ፣ ጋሼ።»

«ምን አጠፋ?»

ጋሼ ለአንድ ሹም ሽር የተሟላ ማስረጃ ስለሚጠይቁ ጥቂት ዝውውር ብቻ ተፈጸመ። ሌሎቹ የሚደውሉለት ስላልነበራቸው ቡድናቸውን በነሐሴ እንደነበረ ተዉት። ኢንተርኔት ተመልሶ ሲታይ ያልተነካ ቡድን ከናሙናው ግማሽ በላይ በልጦ ተገኘ፤ ጋሼ የጠበቁትም ቡድን ከእነሱ በታች አልነበረም። በየሳምንቱ እየተነሡ ሲሽሩና ሲሾሙ የኖሩት፣ ማለትም ዋይፋይ የነበራቸው፣ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ግኝቱ ለሚመለከታቸው አባላት ተነቦላቸው ሁሉም በሙሉ ድምፅ ተቀብለውታል፤ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው የአዲሱን ዓመት ቡድን ሲያስተካክሉ አምሽተዋል።

የአዲሱ ዘመን ዋጋ የወጣው በ2017 ክረምት ነው። ሳላ 14.5 ሚሊዮን፣ ሃላንድ 14 ነበሩ። የመጀመሪያው ዴድላይን ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ከምሽቱ 2:30 ነበር፤ እንደገና ፍልሰታ ላይ። ጥናቱ በተጫዋቾች ምርጫ ላይ ምክር ለመስጠት አቅሙ የለውም። ገንዘብ ያዡ ግን መዋጮውን ከወዲሁ ሰብስቦ፣ ሙክቱን ዛሬ በዛሬ ዋጋ ገዝቶ አንዱ አባል ግቢ እንዲያስረው አጥብቆ ያሳስባል።