እሌኒ ልጇን ለማን ትታ ሄደች?

ከእንቁጣጣሽ እስከ ደመራ ያለው ጊዜ በቀን መቁጠሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ሁዳዴን ያህል ይረዝማል፤ ልዩነቱ ለሁዳዴ ሰው ቀደም ብሎ ልቡን አዘጋጅቶ መግባቱ ነው።

የአዋቂ ሰው መስቀል በ17 ይጀምራል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዘመድ ይጠየቃል። የልጅ መስቀል በ17 ያልቃል። ልጅ የሚወደው ዝግጅቱን ነው፤ ችቦ ማሰሩን፣ አበባ መልቀሙን፣ ሊጥ ውስጥ እጅ መክተቱን፣ «አትንካ!» መባሉን ሳይቀር ይወደዋል። እኛ ደግሞ ከዝግጅቱ የምንወደው ማለቁን ነው። ቡራዩ ባለው ቤታችን መስከረም በመጣ ቁጥር የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። እህቱ አምስት። የመጨረሻው ሁለት ስላልሞላው በሕግም በንስሐ አባትም አይጠየቅም። የ2018 ዝግጅት የተጀመረው በገንዘብ ጥያቄ ነው። ለእንቁጣጣሽ ትልቁ አበባ ሥሎ እያደለ፣ እህቱ ከሰፈር ሴቶች ልጆች ጋር አበባየሆሽ እያለች ያገኙት ብር እናታቸው ዘንድ «ተቀምጧል»። ይህች ባንክ ስትቀበል እንጂ ስትከፍል ታይታ አታውቅም። ትልቁ ለችቦ መግዣ ከሂሳቡ ላይ ወጪ እንዲደረግለት አመለከተ። «የትምህርት ቤት ጫማህ በምን የተገዛ መሰለህ?» የሚል መልስ ተሰጠው። የኔም የልጅነት ገንዘብ በጫማ አልቆ ስለነበር ጣልቃ አልገባሁም።

ማታ ማታ ታሪኩን መንገር የኔ ድርሻ ነው። ንግሥት እሌኒ በአራተኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌም ወርዳ፣ መስቀሉ የተቀበረበት ቦታ ቆሻሻ ሲደፋበት ኖሮ ኮረብታ አክሎ ቢጠፋባት፣ ሽማግሌው ኪራኮስ ጠቁሟት፣ ደመራ አስደምራ ዕጣን ጨምራ ብታነደው ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ ባለበት ላይ እንደ ሰገደ ስነግራቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ሰሙኝ። ቁፋሮው በመስከረም 17 ተጀምሮ መስቀሉ በመጋቢት 10 ተገኘ ስል ትልቁ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ።

«ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ልጇን ለማን ትታ ሄደች?»

«ልጇማ ንጉሥ ነው። ቆስጠንጢኖስ ይባላል። ትልቅ ሰው ነው።»

«ንጉሥ ከሆነ ለምን አብሯት አልቆፈረም?»

እህቱ ደግሞ ያሳሰባት ሌላ ነው። «አባዬ፣ እነሱ ሰፈር የቆሻሻ መኪና አይመጣም ነበር?» አለች። ከዚያ መስቀሉ አሁን የት እንዳለ ጠየቁኝ። ቀኝ ክንፉ በአገራችን፣ ወሎ አምባሰል ውስጥ ግሸን ማርያም እንዳለ፣ በዓሉም በ21 እንደሚነግሥ ነገርኳቸው። «ታዲያ ከተገኘ እኛ በየዓመቱ ለምን ጢስ እናጨሳለን?» ተባልኩ። መብራቱን አጠፋሁት።

አበባው ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ያደግሁት ሱሉልታ ነው። እዚያ በልጅነታችን አደይ አበባ የሚለቀም እንጂ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። ክረምቱን ውሃ ተኝቶበት የከረመው የሣር ሜዳ መስከረም ሲጠባ ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል፤ ከብት ይዞ የወጣ ልጅ ሁሉ ማታ አበባ ሰክቶ ነው የሚገባው። ቡራዩ ውስጥ አደይ አበባ የሚገኘው ገና ቤት ያልተሠራበት ቦታ ላይ ነው፤ ገና ቤት ያልተሠራበት ቦታ ደግሞ በቆርቆሮ ታጥሯል። ልጆቼ ለለቀማ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ እጃቸውን ሞልተው ተመለሱ። ቢጫ ነው፣ ያምራል፣ የጎመን አበባ ነው። ጎረቤታችን ለዘር ብላ ያስቀረችውን ጎመን ራስ ራሱን ቀንጥሰው ጨርሰውታል። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ልጆች አይደሉ!» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን የቀሩትን አገዳዎች ይቆጥር ነበር።

ስለዚህ ሱሉልታ እናቴ ዘንድ መሄድ ግድ ሆነ። ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ከ2015 ወዲህ በሸገር ከተማ ተጠቃለው የአንድ ከተማ ልጆች ሆነዋል። ታክሲ ተሳፋሪው ዘንድ ግን ዜናው ገና አልደረሰም። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ መጀመሪያ አዲስ አበባን ደጅ መጥናት ነው። በአስኮ ገብተን፣ በዊንጌት አድርገን፣ ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ዳገት ወጥተን ሱሉልታ ስንደርስ የትንሹ ቁርስ የኔ ሸሚዝ ላይ ነበር።

እናቴ አበባ ብቻ ይዘን እንድንመለስ አልፈቀደችም። «የተገዛ ችቦ እሳት አይዝም» ብላ ከባሕር ዛፉ ሥር ጭራሮ አስለቀመች። (በምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ባይኖር በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለን ሰዎች በምን እንደምንደምር አላውቅም።) ልጡን ልጣ ለእያንዳንዱ በቁመቱ ልክ ችቦ አሰረችለት። ለኔም አሰረችልኝ፤ እሷ ዘንድ እኔም ገና ነኝ። ችግሩ የመጣው ይህን ሁሉ ይዘን ሚኒባስ ስንሳፈር ነው።

«ጋሼ፣ እንጨቱ ይከፈልበታል» አለ ረዳቱ።

«የልጆች ችቦ ነው እኮ።»

«ልጆቹስ ይታቀፋሉ። ችቦውን ማን ያቅፈዋል?»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «አምጡ ልጆቼ» ብለው አንዱን ተቀበሉ። ከኋላ አንድ ወጣት ሌላውን ወሰደ። አበባው ለሦስት ተማሪዎች ተከፋፈለ። አዲሱ ገበያ ስንደርስ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ወደ ውስጥ አይቶ «ይሄ ታክሲ መስቀል አደባባይ ነው እንዴ የሚሄደው?» ሲል ረዳቱ ያለምንም ማመንታት «ግቡ፣ ግቡ!» አለ።

ከሰበታ በኩል ያለው ዝግጅት ደግሞ ሆድን የሚመለከት ነው። አማቼ ጉራጌ ናቸው። መርካቶ ያለ ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ ዕቃውን ጭኖ አገር ቤት የሚገባበት በዓል መስቀል መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። እሳቸው ጉልበታቸው ሲደክም አገር ቤት መውረዱን ትተው አገር ቤቱን ሰበታ አመጡት፤ ቆጮው፣ ሚጥሚጣው፣ የክትፎ ጣባው ሁሉ እዚያው አለ። በ2017 መስቀል ራሱ ዓርብ ውሎ ክትፎው ወደ ቅዳሜ ሲተላለፍ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን አልረሳም። በ2018 ደመራው ዓርብ፣ መስቀሉ ቅዳሜ ሆነላቸው። ደስታቸውን የገለጹት አንድ ዕቃ ሙሉ የተነጠረ ቅቤ ወደ ቡራዩ በመላክ ነው።

የሰባት ዓመቱ ልጄ ታላቅነት ዕዳ መሆኑን ያወቀው በዚህ ቅቤ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይጾማል። እህቱ ገና ናት። ትንሹ ደግሞ ደመራው ዕለት ጠዋት የቅቤውን ዕቃ ብቻውን አግኝቶት እስከ ክርኑ ገብቶበታል።

«እሱ ለምን አይቀጣም?»

«ሕፃን ነዋ።»

«እኔ ሕፃን እያለሁ ማን ቅቤ ሰጠኝ?»

እናቱ ከድፎው ትቆርስለት ዘንድ ወደ ማዕድ ቤት ላክሁት። እዚያም ሰላም የለም። ኮባ ተነጥፎ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ሲወጣ አናቱ ላይ አምስት ጉድጓድ አለው፤ ሴቷ ልጄ ሊጡ ኩፍ ማለቱን በአምስቱም ጣቶቿ አረጋግጣለች። ፈንዲሻው ከሰፌዱ ይልቅ ቄጤማው ላይ በዝቷል። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዚያ ስብሰባ ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የበዓል ልብስም አለ። ከሽሮ ሜዳ ሲገዛ «ለከርሞም ይሆነዋል» ተብሎ የተገዛ ነው። ዘንድሮ እጁን ይውጠዋል፣ ከርሞ ያጥርበታል፤ ልክ የሚሆንበት ዓመት የለም። ነጭ በመሆኑና መስከረም የጭቃ ወር በመሆኑ ቤታችን ውስጥ «በር ላይ ካልሆነ አይለበስም» የሚል ደንብ ወጥቷል። ዘንድሮ ደንቡ በትክክል ተፈጽሟል፤ ጭቃውም በር ላይ ነበር።

የሰፈራችን ልጆች ደመራውን ከሰዓት በፊት ጀምረው ደምረው እየጠበቁት ነበር። አብረዋቸው ያሉት የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ልጆች በሳምንቱ ኢሬቻ ስላለባቸው አበባው ሁሉ እሳት ውስጥ እንዳይገባ ይከራከራሉ። ክርክሩ በሽምግልና አለቀ፤ ግማሹ ደመራው ላይ ታሰረ፣ ግማሹን ሴቷ ልጄ በኛ ጆግ ውሃ ውስጥ ነክራ በአደራ ተረከበች። ሳምንቱን ሙሉ ውሃ የጠጣነው በሌላ ነገር ነው።

ወደ ማታ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ሲያባራ ቄሱና ሰንበት ተማሪዎቹ መጡ፣ ጸሎት ደረሰ፣ ደመራው ሦስት ጊዜ ተዞረ፣ ችቦው ተለኮሰ። እናቴ እውነቷን ነው፤ ከሱሉልታ የመጡት ችቦዎች ቀድመው ነደዱ። ደመራው ግን ርሶ ስለነበር ከእሳቱ ጢሱ ባሰ። ወፍራም ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ወጣና ነፋስ ገፍቶት አጥር ዘሎ ወርዶ ግቢያችን ላይ ተኛ። ባለቤቴ ያሰጣችውን ልብስ አስታውሳ ጮኸች። ትልቁ ልጄም ጮኸ፣ በሌላ ምክንያት።

«አባዬ! እኛ ግቢ ላይ ሰገደ!»

ምሰሶው ሲወድቅ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ወደ ሰሜን፣ ግማሹ ወደ ደቡብ ሄደ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የዓመቱን ነገር ከዚህ ለማንበብ ሲከራከሩ አመሹ። አንዱ አዝመራው ጥሩ ነው አሉ፣ ሌላው የኑሮው ነገር አልታያቸውም። ልጆቹን ግንባራቸው ላይ በአመድ መስቀል አስደርጌ አስገባኋቸው። ትንሹ ከመለኮሱ በፊት ተኝቶ ነበር።

ጠዋት ስነሳ ቁፋሮው ተጀምሯል። ትልቁ በተሰበረ አካፋ፣ እህቱ በወጥ ማውጫ ጭልፋ፣ ትንሹ በእጁ። አከራያችን ለእንኳን አደረሳችሁ ዳቦ ይዘው ሲገቡ ጉድጓዱ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው የምትቆፍሩት የኔ ልጆች?»

«መስቀሉን።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጋቢት 10» አለ ትልቁ ቀና ሳይል።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞሩና እስከ መጋቢት የምንቆይ ከሆነ የኪራዩን ነገር ከበዓሉ በኋላ እንድንነጋገርበት በትሕትና ገለጹልኝ።

ስልክ ጠራ። እናቴ ናት፤ ልጁን ስጠኝ አለች። ደመራው ወዴት ወደቀ ብላ ጠይቃው ኖሯል፣ «ወደ ሱሉልታ!» ሲላት እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ተሰማኝ። አዲስ የተወለደችው ጥጃ ያንተ ናት ብላዋለች። ገና ከመዝጋቱ አማቼ ከሰበታ ደወሉ።

«ወደ ሰበታ ነው አባባ፣ ተሰብሮ ወደ ሰበታ!»

«ታዲያስ! በል ቶሎ ና፣ የክትፎው የመጀመሪያ ጉርሻ ያንተ ነው!»

ስልኩን አፈር በአፈር አድርጎ መለሰልኝና አካፋውን ሳያነሳ ጥቂት አሰበ።

«አባዬ፣ ሌላ የሚደውል ዘመድ የለንም?»